ያላነበበችው መጽሐፍ

ተራኪዋ የሞተችው በምታነብበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል፤ ስታነባቸው የነበሩት ገጾች ጭኗ ላይ ተበትነዋል፤ ከፊቷ የቆመው ማይክሮፎን አሁንም ቀጣዩን ቃል የሚጠብቅ ይመስላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላገኟት ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነበር። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ልቧን ያማታል፣ ሰሞኑን ደግሞ ክስና ክርክር ተደራርቦባታል። ልቧ አልቻለም አሉ፤ አልቅሰው ወሰዷት።

አስከሬኗን ሆስፒታል ውስጥ የመረመረው ሐኪም ግን ዓርብ ጠዋት ስልኩን አንስቶ ፖሊስ ጋ ደወለ። ዓይኖቿ ውስጥ ጥቃቅን የደም ነጥቦች አይቷል። ከጥርሶቿ መሃል ደግሞ ቀይ ክር አውጥቷል፤ ወንበሯ ላይ ለወገቧ ከምትደገፈው ትራስ የተመዘዘ ክር። ሴትዮዋን ልቧ አልገደላትም። አንድ ሰው አፍኗት ነው።

ጉዳዩ የተሰጣትን መርማሪ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አይከፋትም። ሌላው መርማሪ ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ ሲጨርስ እሷ ለምን ትላለች፤ ያቺ አንዲት ጥያቄ ስንቱን አላበችው።

«ይሄኛው እንኳ ብዙ አያስለፋሽም» አላት አለቃዋ፣ ፋይሉን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፋ። «ሴትዮዋና ባለ ስቱዲዮው ዓይንና ናጫ ነበሩ። ድምፄን ለማሽን ሸጦብኛል ብላ እሱንም የገዙትንም ከሳለች፤ ሰኞ ችሎት አላቸው። አስከሬኑንም ያገኘው እሱ ነው። ያዢውና ፋይሉን ዝጊ።»

«ለምን እሱ አገኛት?»

«እንዴት ለምን?»

«ገድሏት ከሆነ ሌላ ሰው እስኪያገኛት ለምን አልጠበቀም?»

አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። «ጋዜጠኞች በሩ ላይ ናቸው። ዛሬ አንድ ሰው ታስሯል ብዬ ልንገራቸው።»

«ይንገሯቸው፤ እኔ ግን አላሰርኩም» አለች፤ ፋይሉን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወጣች።

ተራኪዋን የማያውቅ አልነበረም። መርማሪዋ ራሷ ልጅ ሆና ልብስ እየተኮሰች በሬዲዮ የሰማቻቸው መጻሕፍት ሁሉ በዚያች ሴት አፍ የተነበቡ ናቸው። በኋላ ሬዲዮው ቀርቶ ሰው ትረካ በስልኩ መስማት ሲጀምር ድምጿ አብሮ ተሻገረ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ጉድ መጣ፤ አንድ የትረካ መተግበሪያ ላይ እሷ አይታቸው የማታውቃቸው መጻሕፍት በእሷ ድምፅ ይነበቡ ጀመር። የልጆች ተረት፣ የጤና ምክር፣ በሕይወቷ የማትነካው ዓይነት የፍቅር ታሪክ። ማሽን ድምጿን ተምሮ ነው። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ «ያቺን የመጨረሻዋን እንዴት አድርገሽ አነበብሻት» ሲላት፣ «እኔ አላነበብኳትም፣ ሌባ ነው ያነበበልህ» ትል ነበር ይባላል።

ስቱዲዮው በአንድ ረጅም ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የቀረጻ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል። አንዱ ጎኑ መስተዋት ሲሆን፣ ከመስተዋቱ ማዶ የድምፅ ባለሙያዋ የምትቀመጥበት የመቆጣጠሪያ ክፍል አለ። ተራኪዋ ስታነብ ሰው እንዲያያት ስለማትወድ በእሷ በኩል መጋረጃ ተጋርዷል። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደሩ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሳያልፍ ሊገባ ይችላል።

የድምፅ ባለሙያዋ አንገቷ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለች ወጣት ነች። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል።

«ከጠዋቱ ጀምረሽ ንገሪኝ» አለቻት መርማሪዋ።

«እንደ ወትሮው አነበበች። ቀትር ሲሆን ልጇ መድኃኒቷን አቀብላት ሄደች። ከዚያ አንድ ምዕራፍ ጨረስንና በመነጋገሪያው ‹እትዬ፣ ምሳ ልውጣ› አልኳት። ‹ሂጂ፣ እኔ ካላስነሱኝ አልነሳም› ብላ ሳቀች። ቀረጻውን አቁሜ ከሠራተኞቹ ጋር ወጣሁ።»

«ባለቤቱስ?»

«እሱ ቀደም ብሎ ወጥቷል። ከመተግበሪያው ሰዎች ጋር የምሳ ቀጠሮ ነበረው።»

«ስትመለሺ ማንን አገኘሽ?»

«ጋሼን፤ ደራሲውን። እዚህ ሶፋው ላይ ተቀምጠው። ‹አሁን መግባቴ ነው፤ ለራሷ እያነበበች ይሆናል፣ አንረብሻት› አሉኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ማሽኑንም ከፈትኩ። ማይክሮፎኑ ከተከፈተ ሁሉን ይቀርጻል። ብዙም ሳንቆይ ድምጿ መጣ።»

አጫወተችላት። ከድምፅ ማጉያው ያ አገር የሚያውቀው ድምፅ፣ ደከም ብሎ፣ ክፍሉን ሞላው፦ «ራሴን አሞኛል። ትንሽ ልረፍ፤ ሲሻለኝ እጠራችኋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይገባ።»

ባለሙያዋ ፊቷን አዞረች። «ተኛች ብለን እዚሁ ስናወራ ቆየን። ጋሼ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላሉም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ባለቤቱ በኮሪደሩ በኩል ገብቶ ሲጮኽ ነው የሮጥነው። ጋሼ ጃኬታቸውን አውልቀው ከፊቷ እስከ ጉልበቷ ሸፈኗት። ባለቤቱ ላይኛው ፎቅ ያለው ክሊኒክ ሮጠ፤ እኔ ለልጇ ልደውል ወጣሁ።»

«ሐኪሙ ሲደርስ በጃኬት ተሸፍና ነበር?»

ልጅቷ አሰበች። «አይ። ሐኪሙ ሲገባ ጃኬቱ የጋሼ ክንድ ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ኮምፒውተሩ ላይ ወደተዘረጋው የድምፅ መስመር ጎንበስ አለች። መስመሩ ዳር እስከ ዳር በቀይ ነጥብ ተዥጎርጉሯል። «ኩፍኝ የያዘው ይመስላል። ምንድን ነው ይሄ?»

ባለሙያዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ፉጨት ነው። ከሳምንታት በፊት የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ጊዜያዊ ጥርስ ተደርጎላት ነበር። ‹ሰ› የምትለው ሁሉ ያፏጭባታል። ማሽኑ ያጸዳልሻል ብላት ተቆጣችኝ። ‹አሁን ያለሁት እኔ እንዲህ ነው የምናገረው፤ ደስ ያላለው አይስማ› አለች። እኔ ግን ሐሳቧን ከቀየረች ብዬ ባፏጨችበት ሁሉ ምልክት አደርግ ነበር።»

ባለ ስቱዲዮው ከላይ ቢሮው ውስጥ ጠበቃት። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ የማያርፍ፣ ነገሩን ሁሉ በፍጥነት መጨረስ የሚወድ ሰው ነው።

«ሁሉም እኔን እንደሚያይ አውቃለሁ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «አልዋሽዎትም። የእትዬን ድምፅ ለማሽን ልሸጥ ፈልጌ ነበር። ዘመኑ ነው፤ እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል። ለመንኳት፣ ተጨቃጨቅን፣ ‹ከሞትኩም በኋላ አልፈቅድም› አለችኝ። ስለዚህ አልሸጥኩም። መፈለግና ማድረግ ይለያያሉ፤ እባክዎን አይቀላቅሉብኝ።»

«ማን ሸጠው ታዲያ?»

«ሐሙስ የመተግበሪያውን ሰዎች ምሳ የጋበዝኳቸው እሱን ልጠይቅ አልነበር? ከባለ መብቱ ገዛነው ይላሉ። ባለ መብቱ ማነው ስላቸው፣ ምስጢር ነው። በሽቄ ተመለስኩ። ቢሮዬን ዘግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በመጨረሻ በቃ፣ ወርጄ እኔ እንዳልሆንኩ ልንገራት ብዬ ሄድኩ።»

«ለምን ቀደም ብለው አልወረዱም?»

አንገቱን ደፋ። «ፈራኋት። ሠራተኛዬ ብትሆንም እፈራት ነበር።»

ደራሲው የሚገኘው በፈጠራ ሰዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሊቀመንበሩ እሱ ነው። ግድግዳው ሁሉ ራሱ የጻፈው መፈክር ነው፦ ፈጠራ ይከበር፣ ማሽን ደራሲ አይደለም፣ ያልዘራኸውን አትጨድ። ሽበቱ የሚያምር፣ ድምፁ የሚሞላ፣ ሰውን ሁሉ «የኔ ልጅ» የሚል ሰው ነው። መርማሪዋን እጇን ይዞ አስቀመጣት።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ወንድምና እህት ነበርን። መጽሐፎቼን ሁሉ ያነበበች እሷ ናት። ሰኞ ከጎኗ ልቆም ነበር፤ አሁን ደግሞ በእሷ ስም እቆማለሁ። ትግሉ አይቆምም።»

«ሐሙስ ለምን ሄዱ?»

«አይዞሽ ልላት። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ዝናም ሊጥል ሲያጉረመርም ቶሎ ገባ አልኩ። ብቅ ብል መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ አረፍ አልኩ። ልጅቷ መጣች፤ አብረን ሳለን ድምጿን ሰማን። ያኔ ብነሳ ኖሮ እላለሁ፤ ይህቺ ናት የምታንገበግበኝ።» ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

«ሴትዮዋን ከዚያ በፊት በቅርብ አግኝተዋት ነበር?»

«ወር አልፎኛል። ስብሰባ፣ ጉዞ፤ ታውቂዋለሽ። በስልክ እንኳ አጭር ነበር የምናወራው።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

የተራኪዋ ልጅ የመድኃኒት ቤት አላት። መርማሪዋ ዓርብ አመሻሹ ላይ ስትደርስ፣ እናቷን በዚያው ከሰዓት ቀብራ የተመለሰችው ልጅ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ባንኮኒው ጀርባ ቆማለች።

«ቤት ብቀመጥ ሰው ሁሉ እየመጣ ስልኩን ከፍቶ ድምጿን ያሰማኛል» አለች። «‹ይኸው አልሞተችም እኮ› ይሉኛል ሊያጽናኑኝ። የሚያሰሙኝ ማሽኑን ነው። እናቴ ከቀብሯ በኋላ የቆዳ ቅባት ስታስተዋውቅ ሰማኋት፣ ኢንስፔክተር። እኔ ሐዘን አልፈልግም። ድምጿን ይመልሱልኝ።»

«እናትሽ ማን እንደሸጠው ታውቅ ነበር?»

«ለእኔ አልነገረችኝም። ግን ያወቀችበትን ቀን አስታውሳለሁ።» ልጅቷ ለአንድ ደንበኛ ሽሮፕ አቀበለችና ተመለሰች። «ከመሞቷ በፊት ባለው እሑድ ነው። ልጄ በስልኬ ከመተግበሪያው ተረት ይሰማል፤ በእሷ ድምፅ። እማዬ ሹራብ እየሠራች ጥርሷን ነክሳ ታዳምጣለች። ‹ዝናም መጣ፣ ጥንቸሏም ሮጠች› ሲል መርፌዋን አስቀመጠች። ‹አሃ፣ አንተ ነህ ለካ› አለች፤ በቃ። መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። ከበሩ ውጭ ሆኜ አንዲት ነገር ብቻ ሰማሁ፤ ‹እስከ ሰኞ ራስህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ስትል። ባለ ስቱዲዮውን መስሎኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ከሁሉም ጋር በስልክ ትጨቃጨቅ ነበርና ማን መሆኑን አልጠየቅኩም።»

«እናትሽ የምትለው ዝናብ ነው ወይስ ዝናም?»

ልጅቷ ጥያቄው እንግዳ ሆነባት። «ዝናብ። እኛ ቤት ዝናም የሚል ሰው የለም።»

ቅዳሜን ሙሉ መርማሪዋ ትረካ ስትሰማ ዋለች። መጀመሪያ መተግበሪያው ላይ ያሉትን ተራ በተራ። የጤናው መጽሐፍ ላይ ዝናም አለ። የፍቅሩ ላይ ዝናም አለ። ከዚያ ስቱዲዮ ወርዳ ባለሙያዋ ተራኪዋ በሕይወቷ ያነበበቻቸውን እውነተኛ ቅጂዎች እንድታመጣላት አደረገች። ዝናብ፣ ዝናብ፣ አሁንም ዝናብ፤ ከጥቂት መጻሕፍት በስተቀር። የእነዚያን መጻሕፍት ሽፋን ስታይ መርማሪዋ ጆሮዋን አሸት አደረገች።

«አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ» አለቻት ባለሙያዋን። «ሐሙስ ከምሳ በኋላ የመጣችውን ንግግር አውጪ። ‹ራሴን አሞኛል› የምትለውን። እንደ ሌላው ጊዜ ፉጨቷን በቀይ ምልክት አድርጊልኝ።»

ልጅቷ ማዳመጫዋን አጠለቀች። አንድ ጊዜ ሰማች። እንደገና ሰማች። እጇ መዳፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ራሴን» አለች ለራሷ፤ «ሲሻለኝ፣ እስከዚያ።» ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ምልክት የማደርግበት ነገር የለም» አለች። «አንድም ፉጨት የለም። እንዴት አልሰማሁትም? ያን ጊዜ ወሬ ላይ ነበርን፤ ጋሼ አፌን አያስከድኑኝም ነበር። ኢንስፔክተር፣ ይህቺ እትዬ አይደለችም።»

«እስከ ነገ ለማንም አትንገሪ» አለቻት። ከሕንጻው ሳትወጣ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ወጣችና በሩን ዘጋች። ብዙ አልቆየችም። እሷ ስትወጣ ሰውየው ስልኩን አንስቶ ከማዶ ካለው ሰው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የተራኪዋ ልጅ ክንዷን አጣምራ መስተዋቱ ጥግ ቆማለች፤ እናቷ የሞተችበትን ክፍል ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ባለሙያዋ ከማሽኗ ፊት፣ ባለ ስቱዲዮው በሩ አጠገብ፣ ደራሲው ሐሙስ የተቀመጠበት ሶፋ ላይ። አንድ ፖሊስ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ሰው የሚያስረኝ ከሆነ ቶሎ ይሰር» አለ ባለ ስቱዲዮው።

«እርስዎን የሚያስር የለም» አለችው። «ይልቅ ይስሙ። ይህ ወንጀል ሲሠራ ሁላችንም አንዲት ነገር እንድናምን ተፈልጓል፤ ሴትዮዋ ከምሳ በኋላ በሕይወት እንደነበረች። ያን ካመንን ጥፋተኛው ከምሳ በኋላ ብቻውን የነበረ ሰው ነው። እሱም ባለ ስቱዲዮው ነው። አለቃዬ ወዲያው ነው ያመነው። እኔም ላምን ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ለባለሙያዋ በዓይኗ ምልክት ሰጠች። ባለሙያዋ ከሐሙስ ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር አጫወተች። ተራኪዋ «ሰውየው ሰፈሩን ሲሰናበት» ስትል ‹ሰ›ዎቹ እንደ ወፍ ያፏጫሉ። ወዲያው ሁለተኛውን አስከተለች፦ ራሴን አሞኛል፣ ሲሻለኝ፣ እስከዚያ። ጥርት ያለ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ልዩነቱን በጆሮው ሰማ።

«ጥርሷ ከተሸረፈ ወዲህ እንዲህ ጥርት አድርጋ ልትናገር አትችልም» አለች መርማሪዋ። «ሁለተኛው ድምፅ ጥርሷ ደህና በነበረበት ጊዜ ከተቀረጸ ነገር የተማረ ማሽን ነው። ስለዚህ ንግግሩ ሲሰማ እሷ ሞታ ነበር። የሞተችበት ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ወደ ምሳ። አሁን እንደገና እንቁጠር። ባለ ስቱዲዮው በዚያ ሰዓት ምግብ ቤት፣ በሰው መሃል ነበር። ባለሙያዋ ከባልደረቦቿ ጋር ነበረች። ልጇ ከሄደች በኋላ እናቲቱ ምዕራፍ ጨርሳ፣ ስቃ፣ ‹ካላስነሱኝ አልነሳም› ብላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን እዚህ ምድር ቤት የነበረ አንድ ሰው ነው።»

ማንም ዞሮ ማየት አልፈለገም፤ ግን ሁሉም አየው።

«የኔ ልጅ» አለ ደራሲው፣ ድምፁን ሳያናውጥ፣ «እኔ ድምፁ ሲመጣ ከዚህች ልጅ አጠገብ ነበርኩ። እጄ ላይ የሻይ ብርጭቆ ነበር። በየት በኩል አጫወትኩት?»

«ስልክ ላይ የተጫነ ድምፅ በረጅም ዝምታ ሊጀምር ይችላል። ስልኩን ወረቀቶቹ ስር፣ ጭኗ ላይ አኖሩት፤ ከማይክሮፎኑ ፊት። መጋረጃው ተዘግቷል። ከዚያ መጥተው እዚህ ተቀመጡና ምስክርዎን ጠበቁ። የቀረው ስልኩን መልሶ መውሰድ ነው። ስትገኝ ቀድመው ጃኬትዎን ከፊቷ እስከ ጉልበቷ አለበሷት። ባለ ስቱዲዮው ሐኪም ሊጠራ፣ ልጅቷ ልትደውል ሲወጡ ብቻዎን ቀሩ። ሐኪሙ ሲገባ ጃኬቱ ክንድዎ ላይ ነበር። ሰው የሞተ ወዳጁን ሸፍኖ፣ ገና ሰው ሳይመጣ ለምን ይገልጠዋል? ስልኩን ጠቅልሎ ለማንሳት ካልሆነ በስተቀር።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው።»

«ወደ ዝናም እንምጣ እንግዲህ።»

ደራሲው ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ማሽኑ በሁሉም መጽሐፍ ላይ ዝናም ይላል። ተራኪዋ ግን በሕይወቷ ዝናብ ነበር የምትለው። ከእርስዎ መጻሕፍት ውጭ ዝናም ያለችበት ቦታ የለም፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለምን?»

የመለሰው ባለ ስቱዲዮው ነው። «እሱ ነው ያስገደዳት። ‹እናቴ የምትለው ዝናም ነው፤ የተጻፈውን ትተሽ በእኔ መጽሐፍ ውስጥ እንደ እናቴ በይ› ብሎ። ለእሱ ስትል እሺ አለችው። የእነዚያን መጻሕፍት ቅጂ ሙሉ በሙሉ የወሰደውም እሱ ነው፤ ውሉ ላይ ‹የተቀረጸው ድምፅ የእኔ ነው› የሚል አስገብቷል። ማሽኑም የተማረው ከዚያ ነው። ትናንት ኢንስፔክተሯ መጥተው የዝናሙን ነገር ሲነግሩኝ የመተግበሪያውን ሰዎች ደወልኩላቸው። ‹ነገ በነፍስ ግድያ ጉዳይ ስማችሁ ይጠራል› ስላቸው ምስጢሩ ቀለጠ። የሸጠላቸው ድርጅት የእሱ ነው።»

የተራኪዋ ልጅ ክንዷን ፈታች። «እሑድ ዕለት የደወለችልዎት ለእርስዎ ነው» አለች። «ጊዜ ሰጠችዎት። ራስህ ተናገር አለችዎት።»

ደራሲው መሐረቡን አወጣ፤ ግን ዓይኑን አልጠረገበትም፣ በእጁ ጨመደደው። ሲናገር ሽንፈት አልነበረበትም፤ መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ቀና አለ።

«ሁላችሁም ዛሬ ዳኛ ሆናችሁ። ያን ድምፅ ድምፅ ያደረገው የማን ቃል ነው? እኔ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን እሷ ቀን አነበበችው፤ ሕዝቡ ግን የሚያስታውሰው እሷን ነው። ስሜን ሳይሆን ድምጿን። የራሴን መጽሐፍ ቅጂ ለማሽን ብሰጥ ከማን ሰረቅኩ? ሐሙስም ገብቼ ለመንኳት። ማኅበሩ ይፈርሳል፣ ትግሉ ይዋረዳል፣ ዝም በይ አልኳት። ‹ትግሉን ያዋረድከው አንተ ነህ› አለችኝ። ሳቀችብኝ።»

«ሲገቡ ድምፁ ተዘጋጅቶ ኪስዎ ውስጥ ነበር» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «‹ራሴን አሞኛል› የሚለው። ለልመናዎ እሺ ካላለች ምን እንደሚያደርጉ ወስነው ነው የመጡት። ስታነጋግርዎት ጥርሷ ሲያፏጭ ሰምተዋል፤ ግን ያመጡት ድምፅ አሮጌው ነበር፤ ጊዜም አልነበረዎትም። ወይም ከናካቴው አልሰሟትም። ሰው ሲናገር ማዳመጥ ካቆሙ ቆይተዋል መሰለኝ።»

የተራኪዋ ልጅ ወደ ሶፋው ቀረበች። ፖሊሱ ሊከለክላት ነበር፤ መርማሪዋ በእጇ አቆመችው።

«ቃሉ የእርስዎ ነበር» አለችው ልጅቱ። «እሺ፣ ይውሰዱት። ትንፋሹስ የማን ነበር?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያስነሳው ደራሲው ጃኬቱን ሶፋው ላይ ረስቶ ወጣ። ያ ስልክ በማግሥቱ በቤቱ ተገኘ፤ ድምፁን አጥፍቶት ነበር፤ ግን የጠፋን ነገር የሚመልሱ ባለሙያዎች መለሱት። ከረጅም ዝምታ በኋላ ‹ራሴን አሞኛል› ይላል።

ሰኞ ችሎቱ ሞላ። ከሳሿ ስለሞተች ክሱ ይዘጋል ብለው የመጡ ጋዜጠኞች ነበሩ። የመተግበሪያው ጠበቃም ያን ጠብቆ ነው የመጣው። ዳኛው ስሟን ሲጠሩ የተራኪዋ ልጅ ተነሳች።

«እናቴ የለችም፤ ክሱ ግን አለ» አለች። «እኔ እቀጥለዋለሁ።»

ከኋላዋ ሌላ ሰው ተነሳ፤ የስፖርት ዜና የሚያነብ ሰው። ድምፄን መተግበሪያው ላይ አግኝቼዋለሁ፣ እኔም ከሳሽ ነኝ አለ። ፊልም በድምፅ የምትተረጉም ሴት ተነሳች። ማሽን ሳይጠይቀው ሥዕሎቹን የተማረበት ሠዓሊ ተነሳ። ዳኛው መጀመሪያ ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ፤ በኋላ ጸሐፊውን መዝግብ አሉት። ከበሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው መርማሪ አለቃዋን አየት አደረገችው። እሱ ደግሞ ጫማውን ያያል።

በዕረፍቱ ላይ የመተግበሪያው ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ ልጅቱን ቀረባት። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግራት። ደንበኞቹ በደረሰው አዝነዋል። ድምፁን ከገበያ ያወጡታል። አንድ ሐሳብ ብቻ አላቸው፤ እናቷ ሐሙስ እያነበበች የነበረው መጽሐፍ ሳያልቅ ቀርቷል፤ ለመታሰቢያዋ የቀረውን ምዕራፍ ማሽኑ በእሷ ድምፅ ይጨርሰው፣ በነጻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አድማጭም ይጽናናል።

«አይነካም» አለችው።

«ግን እኮ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ—»

«ያቋረጠችበት ይቁም።»

ባለ ስቱዲዮው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ፤ መጨረሻ የሌለው ትረካ ማን ይሰማል አለ። ያም ሆኖ አወጣው። ምዕራፉ ያልቃል፣ የባለሙያዋ «እትዬ፣ ምሳ ልውጣ» የሚለው ድምፅ ይመጣል፣ ሳቋ ይሰማል፣ ከዚያ ምንም የለም።

በሳምንቱ ስቱዲዮው ውስጥ ስልኩ እረፍት አጣ። ባለሙያዋ አንስታ አንስታ ደከማት። በመጨረሻ የደወለው ሰው የተቆጣ ነበር፤ ቅጂው ተበላሽቷል፣ ግማሹ ተቆርጧል፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው አላት።

«አልተቆረጠም» አለችው ባለሙያዋ። «እሷ ያነበበችው እስከዚያ ነው። የቀረውን መጽሐፉን ይግዙና፣ ጌታዬ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ራስዎ ያንብቡት።»

ስልኩን ዘጋች።